ምሰሶው ይቅደም

ቋጠሮ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ የለም፤ እሷ ግን እናትና አባቷ ካወጡላት ስም ይልቅ በሱ ሲጠሯት ነው ቶሎ የምትዞረው። ይገባታልም። በእንጨት የሚሠሩ ትንንሽ የሸራ መርከቦች ላይ ገመድ የምታስር ሴት ናት፤ ሥራዋ ከጠዋት እስከ ማታ መቋጠር ነው። ባሕር አይታ አታውቅም። መርከብ ላይ የመውጣት ሐሳቡም የላትም፤ የባሕር ነገር በወሬ ሲነሣ እንኳ ሆዷን ይረብሻታል። ነገር ግን የባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ገመድ የቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታሰር ጠይቋት፤ ዓይኗን ጨፍና ትነግራችኋለች።

የምትሠራው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። ሰፈሩ መሐንዲሱ ይለዋል፤ የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ ባያውቅም። መርከቦቹን የሚነድፈው እሱ ነው። ፎቅ ላይ ኮምፒውተሩና የጣውላ መቁረጫ ማሽኑ አሉ፤ እሱ እዚያ ነድፎ፣ ቆርጦ፣ የመጀመሪያዋን መርከብ ራሱ ገጣጥሞ ያወርድላታል። እሷ ምድር ቤት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምሰሶዎቹን ትተክላለች፣ ገመዱን ታስራለች፣ ሸራውን ትሰቅላለች። ያለቀችው መርከብ ፎቶ ትነሣና ካርቶኑ ላይ ትታተማለች። ካርቶኑ ውስጥ የተቆራረጠው ጣውላ፣ ክሩ፣ ሸራውና መሥሪያ ወረቀቱ ይገባል፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጣጥመዋል፤ ወይም ደግሞ ተማርሮ ቁም ሣጥን ላይ ይወረውረዋል።

ከፎቶው ሥር «ንድፍ» ይልና የወንድሟ ስም ይከተላል። የሷ ስም የለም። ሲጠይቋት «ስም ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። ውሸቷን ነው። አዲስ ካርቶን ከማተሚያ ቤት በመጣ ቁጥር ማንም ሳያያት አገላብጣ ትፈትሸዋለች፤ ፊቱን፣ ጎኑን፣ ምናልባት በደቃቁ ጽፈውት እንደሆነ ብላ ከሥሩ ሳይቀር። ከዚያ መልሳ ታስቀምጠውና ያን ቀን ሙሉ ፊቷን አጥቁራ ትውላለች።

የሚያጽናናት አንድ ነገር ነበር። እናታቸው ስትሞት መሐንዲሱ ገና ሱሪውን መታጠቅ የማይችል ልጅ ነበር። አጥባ፣ አብልታ፣ የጫማውን ክር አስራ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎም ያለሷ መርከብ መጨረስ አይሆንለትም፤ ገመድ ሲያይ ራሱን ያዞረዋል። ገጣጥሞ የጨረሳትን ራቁት መርከብ እንደ ሕፃን ታቅፎ በቀስታ ደረጃውን ይወርድና፣ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ «እታለም፣ አልብሺልኝ» ይላል። ይቺ ቃል የሷ ነበረች። ካርቶኑ ላይ ያጣችውን ሁሉ በዚች ቃል ታካክሰው ነበር።

ከዚያ መሐንዲሱ አገባ።

ሙሽሪት የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች፤ እጇ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ወረንጦ የለመደ። ቋጠሮ ልትወዳት ቆርጣ ተነሥታ ነበር። ሠርጉ ላይ ስታለቅስ ያየ ሁሉ የደስታ ነው ብሎ አልፏታል፤ እሷም ለራሷ እንደዚያ ብላ ነበር። ነገሩ የተበላሸው በትንንሹ ነው። ምሳውን ከሷ ጋር የሚበላ የነበረው ልጅ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ጋር መብላት ጀመረ። ሳቃቸው ደረጃውን ተንደርድሮ ይወርዳል፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አብሮ አይወርድም። እሷ የሠራችለት ሹራብ ከትከሻው ላይ ጠፋና በሌላ ተተካ። አንጀቷ አረረ። ለማንም አልተናገረችም። ለማንስ ትናገር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ገመናዋን የምታወራው ለሱ ነበር።

በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። አዲስ መርከብ ገበያ ከመውጣቱ በፊት፣ በሕይወቱ መርከብ ሠርቶ የማያውቅ አንድ ሰው ወረቀቱን ብቻ እያነበበ ይገጣጥመዋል። ይህን ሰው «ባዳ» ይሉታል። ባዳ ሲሳሳት ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ የተሳሳተበት መስመር ይታረማል፤ የተሻለ መንገድ ካገኘም ወረቀቱ ላይ ይገባለታል። ስለዚህ ማንም አያግዘውም፣ ማንም አይነግረውም፤ ቢያለቅስ እንኳ። ባለፈው ጊዜ ባዳ የነበረው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሸራውን ዘቅዝቆ ሰቅሎ፣ አውራ ጣቱን ከመርከቡ ጋር በሙጫ አጣብቆ፣ ጢሙን እየነጨ ጨረሰ። ዛሬም በመስኮታቸው በኩል ሲያልፍ ፊቱን አዙሮ ነው።

ለአዲሱ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ፣ ከነደፋቸው ሁሉ አብልጦ ለሚወደው፣ መሐንዲሱ «ባዳዋ ሚስቴ ትሁን» አለ።

«እሷ ደግሞ ምኗ ባዳ ነው? የቤት ሰው አይደለችም እንዴ?» አለች ቋጠሮ። አፏ ያለው ሌላ፣ ሆዷ ያለው ሌላ።

«ለመርከቡ ማለቴ ነው እንጂ፣ እታለም!» ብሎ ሳቀ።

እናም ሙሽሪት ካርቶኗን ይዛ ወረደችና ከቋጠሮ ጠረጴዛ ወዲያ ጫፍ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ቋጠሮ የራሷን መርከብ ጨርሳ ለፎቶ ልካዋለች፤ ወደ ካርቶኖቹ የሚገባውን ክር እየለካች ትቆርጣለች። ዓይኗ ግን ክሩ ላይ አልነበረም። ሙሽሪት የመርከቧን ጎድኖች በየቦታቸው ደረደረች፤ ጣውላዎቹን በሙቅ ውኃ አለስልሳ አጎበጠቻቸው፤ አንድም አልሰበረችም። ወደ ገመዱ ሳትደርስ ገና ክሩን ሁሉ ሰም አስነካችው፤ ወረቀቱ እንደሚለው፣ የክሩ ፀጉር እንዲተኛ። ፀጉር አስተካካዩ ያችን መስመር ዘሏት ነበር፤ ሁሉም ባዳ ይዘላታል። ቋጠሮ ሙሽሪት አንድ ጣውላ ብትሰብር ብላ ጠበቀች። አንድ ብቻ፣ ትንሽዬ። አልሰበረችም።

«እጇን አየሽው?» አላት መሐንዲሱ አንድ ቀን ደረጃው ሥር ጠብቆ። ደስታው ከፊቱ ላይ ይፈሳል። «ልክ እንዳንቺ!»

ቋጠሮ ፈገግ አለች። ልክ እንዳንቺ! እሷ እኮ ይህን እጅ ለማግኘት ወጣትነቷን ከዚያ መስኮት ሥር አሳልፋለች፤ ዓይኗ ያለ አጉሊ መነጽር እምቢ እስኪላት ድረስ። ይቺ ደግሞ የሰው መንጋጋ ስትከፍት ከርማ መጥታ ልክ እንዳንቺ!

ይሄንንም ዋጥ አድርጋው ታልፍ ነበር። ግን በማግስቱ የሙሽሪት መርከብ ተገጣጥማ አለቀች። መሐንዲሱ ወረደ፣ መርከቧን አነሣት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ገላዋን በመዳፉ ዳበሳት፤ ከዚያ ሚስቱ ፊት መልሶ አስቀመጣትና «በይ እንግዲህ፣ አልብሺልኝ» አላት።

እንደዋዛ ነው ያላት። ፉጨቱን እያፏጨ ፎቅ ወጣ። ቋጠሮ የያዘችው መቀስ ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ሲንቃጨል እንኳ ዞር አላለም።

እዚህ ላይ ስለ ምሰሶና መዘውር አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በየምሰሶው ላይ ገመዱ የሚሾልክባቸው ከምስር ፍሬ የማይበልጡ መዘውሮች ይታሰራሉ። ምሰሶው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሳለ ሲታሰሩ ቀላል ነው። ምሰሶው መጀመሪያ ተተክሎ በሙጫ ከደረቀ ግን ጣት አይገባ፣ ወረንጦ አይገባ፤ አንዱን አስሬያለሁ ሲሉ ሌላው ይፈታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢሰክርም ይህን አይሳሳትም።

ሙሽሪት ምሰሶውን በአንድ እጇ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዛ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ሕጉን አውቃለሁ። ግን አንዴ ብቻ ልጠይቅዎት። ምሰሶውን መትከል ነው የሚቀድመው፣ መዘውሮቹን ማሰር?»

ቋጠሮ «ከወረቀቱ ላይ አንብቢ» ብትላት ሕጉን ጠበቀች እንጂ ማንም ክፉ አይላትም ነበር።

«ምሰሶው ይቅደም» አለች ቀና ሳትል። «ሙጫውንም አትሰስቺበት።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማየት የሚያሳዝን ነው፤ ቋጠሮ ግን አየችው። ሙሽሪት በሦስቱ ምሰሶዎች መካከል ጣቷን እያሾለከች ስታስር፣ ሲፈታባት እንደገና ስታስር፣ ክሩ ቆዳዋን እየቆረጣት በየጣቷ ፕላስተር እየለጠፈች ሰነበተች። መሐንዲሱ ደረጃው ላይ ቆሞ ያያታል፤ ሕግ ሕግ ነውና ምንም አይልም፤ ላቡን ጠርጎ ይመለሳል። ቋጠሮ የመጀመሪያ ቀን ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሁለተኛውን ቀን ግን ሙሽሪት አንገቷን እያሸች «እትዬ፣ እርስዎ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነው የሠሩት? ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው የሰጠዎት!» አለቻት። ይባስ ብሎ ያቺ ሴት ከመርፌ ጫፍ ትንሽ መንጠቆ ቀልሳ፣ ማንም ሠርቶት በማያውቅ መንገድ፣ መዘውሮቹን አንድ በአንድ አሰረቻቸው። አስቀያሚ ነበር፤ ግን ቆመ።

መርከቧ ባለቀች በሳምንቱ መሐንዲሱ አንድ ካርቶንና አንድ ወረቀት ከጀርባው ደብቆ ሚስቱን አስከትሎ ወረደ።

«እታለም፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። «አሁን ግለጪ።»

ካርቶኑ ናሙና ነበር። ፎቶው ላይ ቋጠሮ ያሰረቻት መርከብ ሸራዋን ነፍታ ቆማለች። ከሥሩ «ንድፍ» ይልና የወንድሟ ስም አለ። ከዚያ ሥር፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ቀለም፣ «የገመድ ሥራ» ይልና የሷ ስም ከነአባቷ ተጽፏል።

«የኔ ሐሳብ እንዳይመስልሽ» አለ አንገቱን እያከከ። «እሷ ናት። ‹እትዬ የሚሠሩትን እኔ በእጄ ሞክሬ አይቼዋለሁ፣ ስማቸው እንዴት አይጻፍም?› ብላ ወጥራ ያዘችኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሳላስበው፣ ደንቆሮ ነኝ።» ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋ። «የገመዱ ክፍልም በስምሽ ይወጣል። ደግሞ እኔ የጻፍኩት ለካ ስህተት ኖሯል! መዘውሩ ይቅደም ብዬ! ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽኝ? ለእሷ የነገርሻትን ነግራኝ አርሜዋለሁ፤ አንደኛ፣ ምሰሶው ይቅደም። ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ቋጠሮ ስሟን አየች። ከሥሩ ውሸቷን አየች። ስንትና ስንት ቤት፣ ስንትና ስንት ሰው፣ እሷን አምኖ ምሰሶውን በሙጫ ተክሎ ጣቱን ሲቆርጥ ታያት። ዝም ብትል የምትመኘው ሁሉ እጇ ላይ ነው። መርከቡ ግን የወንድሟ ነው፤ ከሁሉ የሚወደው።

«ወረቀትህ ልክ ነበር» አለች። «መዘውሩ ነው የሚቀድመው።»

መሐንዲሱ ግራ ተጋብቶ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ታዲያ አንቺ…?»

ሙሽሪት ቋጠሮን አየቻት። ከዚያ ፕላስተር የለጠፈችባቸውን ጣቶቿን አየች። ገባት።

«እኔ ነኝ ያምታታሁት» አለች ለባሏ። «እትዬ ምን ያድርጉ።»

ቋጠሮ እፎይ ማለት ነበረባት። እሷ ግን ቀናችባት። እጇ ቀርቶ፣ ሳቋ ቀርቶ፣ በደግነቷም ቀናችባት፤ ይሄንንም ደግሞ ልትበልጠኝ ነው ብላ እርር አለች።

«ውሸቷን ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያሳሳትኳት። አውቄ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

መሐንዲሱ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወደ ደረጃው ሄደ። መሀል ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ቋጠሮ የሚመለስ መሰላት። አልተመለሰም።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ሙሽሪት ወንበሯን ስባ ወዲያ ጫፍ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«ወረቀቱ መዘውሩ ይቅደም እንደሚል አንብቤ ነበር እኮ» አለች።

«ምን?»

«ገብቶኝም ነበር። የጠየቅኩዎት ግራ ገብቶኝ አይደለም። ያን ሁሉ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ ከእንደምን አደርሽ ሌላ ቃል አላወጡልኝም። አንዴ እንዲያናግሩኝ ብዬ ነው። ሲያናግሩኝ ጊዜ ደስ አለኝና ወረቀቱን ተውኩት።»

ቋጠሮ አንገቷን ደፋች። ይቅርታ የሚባለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ አልወጣ አላት፤ በዕድሜዋ ብዙ ነገር አስራለች እንጂ መፍታት አልለመደችም። ፎቅ ላይ መሐንዲሱ ይንጎራደዳል።

ሙሽሪት ከመርከቧ ከተረፋት ክር አንድ ክንድ የሚያህል መዘዘችና ዘረጋችላት።

«እትዬ፣ ክሩን ሰም የሚያስነኩት እንዴት ነው? ያሳዩኝ።»

ቋጠሮ ክሩን ተቀበለች። በጣቶቿ መካከል አሳለፈችው። ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ አንድ ፀጉር እንኳ አልቆመም። ሰሙን ከጠጣ ቆይቷል።

መነጽሯን አውልቃ ጠራረገችው። ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው፤ አላገላበጠችውም።

«ወዲህ ቅረቢ» አለቻት፤ «ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»