ስለ ወይኖ የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ነበር

«ልጄ፣ ወይኖ እኮ በሬያችን ነው» አሉኝ ዛሬ ጠዋት ከፍላቂት ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አባት።

ሹፌሩ ሰሞኑን አገር ያዳረሰውን «ወይኖ» የተባለውን ዘፈን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍቶልናል። ዘፋኙ ለካ የእሳቸው ልጅ ነው።

እኔ ደግሞ ባለፈው በዓምዴ ላይ፣ ወይኖ ከንፈሯ የወይን ጠጅ የመሰለ፣ ልጁን ጥላው የሄደች የቦሌ ቆንጆ ናት ብዬ ጽፌ ነበር። ማን እንደሆነችም ጠቆም አድርጌአለሁ። ይቅር በሉኝ።

«አገራችን ሙጃ እያለ ሲያርስ ልክ እንዲህ ነበር በሬውን የሚጠራው» አሉ፣ አዝማቹ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው። ዘፈኑ ከወጣ ወዲህ ልጁ ከመድረክ መድረክ ሲል አገር ቤት ብቅ አላለም።

«ወይኖስ ደህና ነው?» አልኳቸው።

«ሞተ። ልጁ አያውቅም። በደወለ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠይቀኝ እሱን ነው፤ ደህና ነው እለዋለሁ። መሞቱን ከሰማ ምን ብሎ ይመጣል?»

ጋዜጠኛ መሆኔን ስነግራቸው፣ «የምትጽፊውን ያነበዋል?» አሉኝ።

«ሳያነበው አይቀርም አባባ።»

«እንግዲያስ መሞቱን አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ በስልክ አልሆነልኝም። ደግሞ ላማችን ቁርጥ ወይኖን የመሰለ ጥጃ ወልዳለች። ስም አላወጣንለትም፤ አንተን እየጠበቅን ነው በይልኝ።»

ይኸው፣ ብያለሁ።

እናንተስ? አገር ቤት የእናንተን መምጣት ብቻ የሚጠብቅ ምን አለ?