አሮጌ የሚመስል ግድግዳ

ቀለም ቀቢው የሰው ቤት ሲያሳምር ኖሮ የራሱን ሲያጠቁር አረጀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ያለ ፈቃድ በሌሊት የተሠራ ጨረቃ ቤት የሞላበት ሰፈሩ ሲቆጠር፣ በቆጠራው የተገኘ ቤት የይዞታ ማረጋገጫ ያገኛል፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ይፈርሳል ተባለ። የእሱን የጭቃ ቤት ግን ቆጠራው ባለፈ ማግስት ክረምቱ ገዝግዞ ጣለው። በሸራ ተከልሎ በብሎኬት ገነባውና፣ አዲስነቱ እንዳያሳጣው አመድና ጥላሸት በውሃ በጥብጦ ቀባው። ዝናብ ባጠበው ቁጥር እንደገና ያጠቁረዋል። ሰው ቤቱን ለማቆየት ቤቱን መካድ ሲኖርበት፣ ያ ምን ዓይነት ድካም እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም።

"የቀለም ቀቢ ሚስት ተብዬ ከሰል ማከማቻ ውስጥ ልሙት?" ትለዋለች ሚስቱ።

"ማረጋገጫው ይምጣና ነጭ አድርጌ እቀባልሻለሁ።"

"ነጩንስ ጠጉሬ ቀደመህ።"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለማረጋገጫው ቤት ለቤት የሚዞረው መዝጋቢ መጣ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየና ራሱን ነቀነቀ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ አርጅቶ አልቋል። ሰው ላይ ሳይወድቅ መፍረስ አለበት።"

ቀቢው ክው አለ። አሮጌ ነው ቢል ይፈርሳል፤ አዲስ ነው ቢልም ይፈርሳል። የገዛ እጁ ሥራ ጠልፎ ጣለው።

ሚስቱ ከደጃፉ ብድግ አለች። "የኔ ልጅ፣ ሲያዞሩህ ውለው ደክሞህ የለ? እስቲ ደገፍ በለው። ከወደቀ እኔን ይጫነኝ።"

መዝጋቢው እየሳቀ ጀርባውን ጣለበት። ገፋው፣ በትከሻው መታው። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ዞር ሲል ጥላሸቱ ተላቅቆ ጃኬቱ ላይ ተለጥፏል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የጀርባውን ያህል አዲስ ብሎኬት ፍንትው ብሏል። ሰውየው ጃኬቱን አየ፣ ብሎኬቱን አየ፣ ቀቢውን አየ።

"አሮጌ፣ ግን ጠንካራ ብዬ እይዘዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "አጣሪዎች ደግሞ ይመጣሉ። እንዲህ ሆኖ እንዳያዩት።"

"መቼ ነው የሚመጡት?"

"እሱን እኔም አላውቅ፣ አባባ።"

መዝጋቢው ሲሄድ ቀቢው የአመድ ጣሳውን አነሳ።

"ለዛሬ ተወው" አለች ሚስቱ። "እስቲ ቤቴን ልየው።"

ጣሳውን አስቀምጦ አጠገቧ ቁጭ አለ። ያቺን ንጹሕ ቦታ ሲያዩ አመሹ።

"ነገ እደፍናታለሁ" አለ።

እሷም እንደሚደፍናት ታውቃለች።