በሆዷ ያረፈችው ቁጥር 37

ተረፈ የሀቢቾ ሰው ነው። ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይጠግናል፤ ባጃጅ ቢበላሽም ከሰማይ አይወድቅም ብሎ ይጽናናል። በደርግ ዘመን፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ በአንድ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ሜካኒክ ነበር።

በእጁ የነበረችው ቁጥር 37 የምትባል ባለ ሁለት መቀመጫ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ናት። ጦርነቱን የምታውቀው በሬዲዮ ነው፤ መትረየስ እንኳ አልተገጠመላትም። ሥራዋ ተማሪዎችን ሰማይ ላይ አዙሮ መመለስ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሲላስ የሚባል ተማሪ ብቻውን ይዟት ወጣ። ሲመለስ አሳምሮ ዞረ፣ አሳምሮ ወረደ፤ የረሳው ጎማ መዘርጋቱን ብቻ ነው። ቁጥር 37 ማኮብኮቢያውን በሆዷ እየፋቀች ሄዳ ሣር ውስጥ ቆመች። ፕሮፔለሯ ተጣጠፈ፤ ሲላስን ጭረት አልነካውም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሲላስ አጎት ባለሥልጣን ስለነበር ኮሚቴው ብዙ አልደከመም። ጎማው አልወርድ ብሎት በብልሃት አሳረፋት ተባለ። ጎማው አልወርድ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የሜካኒኩ ነው። ለሲላስ የምስጋና ወረቀት፣ ለተረፈ የሦስት ወር እስር ተሰጠ።

ተረፈ ግን በሦስተኛው ሳምንት ተፈታ። ምሕረት ተደርጎለት አይደለም፤ አውሮፕላኗን የሚጠግን ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። በክሪክ አንስቶ የጎማ ማውረጃውን እጀታ ቢሞክረው፣ ገና ምንም ሳይጠግን ጎማዎቹ ሰተት ብለው ወረዱ። ይህንኑ ለኃላፊው አመለከተ። ጥገናህ ግሩም ነው ተባለ።

ቁጥር 37 ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በረረች። በመጨረሻ ሞተሯ ተነቅሎ አጥር ጥግ ተጣለች፤ የሠፈሩ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ጀመር።

ባለፈው ዓመት ሻምበል ሲላስ የሕይወት ታሪኩን መጽሐፍ ሆሳዕና አዳራሽ ውስጥ አስመረቀ። ተረፈ ከባለቤቱ ከገነቴ ጋር ሄደ። ከመጽሐፉ እንደተነበበው ቁጥር 37 የወደቀችው በጠላት ጥይት ተመትታ ነው። አውሮፕላኗን ብሎን በብሎን የፈታት ተረፈ ጥይት የሚባል ነገር አላየም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ፣ ገነቴ ኮቱን ብትጎትተውም ተነሳ።

"ሻምበል፣ እኔ የዚያች አውሮፕላን ሜካኒክ ነበርኩ። ጎማውን ረስተውት እኮ ነው።"

ሲላስ መነጽሩን አውልቆ አተኩሮ አየው።

"እውነት ነው፤ ረስቼው ነው" አለ። "በእኔ ጥፋት የታሰረው ይህ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ይቅርታ አልጠየቅኩትም።"

ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ትሑት ጀግና የት ይገኛል ተባለ። መጽሐፉ እዚያው ተሸጦ አለቀ። ፎቶ አንሺው ተረፈን፣ አባባ፣ ሻምበሉን ከለሉብኝ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ አለው። ሲላስ በር ላይ የተረፈን እጅ ጨብጦ፣ ታሪኩን በሁለተኛው እትም እንደሚያስተካክለው ቃል ገባለት።

ሁለተኛው እትም ሚያዝያ ላይ ወጣ። ጥይቱ አሁንም አለ፤ የመታው ግን ጎማውን ነው።

ገነቴ ተናዳ ክሰሰው አለችው።

"ተይው" አላት ተረፈ፣ መጽሐፉን እያጠፈ። "ቢያንስ ጎማው ጋ ደርሷል።"