የአዴ ሞሚና የንፋስ ተራ

ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ አዲስ አበባ ለገሃር

ባቡሩ ሳይነቃነቅ እኔ ተነቃንቄ አልቄያለሁ። በአንድ እጄ የቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን፣ በሌላው ብርቱካን የሞላ ዘንቢል ይዤ መስኮት አጠገብ ተቀምጫለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ብርቱካን አገር ድሬዳዋ ብርቱካን ይዞ መሄድ እብደት ነው። አውቃለሁ። ባዶ እጄን አዴ ሞሚና ፊት ከምቆም ግን ቢሳቅብኝ ይሻለኛል።

ትናንት ቢሮ ታይፕ ስመታ ነው ስልኩ የመጣው። የድሬው ጎረቤታችን ልጅ ነች። «አዴ ሞሚና ሆስፒታል ገብታለች፤ ሳንባዋን ነው አሉ፤ መርፌ ሊጀምሩላት ነው» አለችኝና መስመሩ ተቆረጠ።  አዴ ፔኒሲሊን አይስማማትም። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ጠፍቶ፣ ትንፋሿ ሊቆረጥ ሲል አይቻለሁ። ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ እሷ፣ ልጇ ሰዓዳና እኔ። ሰዓዳ ወደ ጅቡቲ ከተሻገረች ዓመታት አልፈዋል። አዴ ደግሞ ነጭ ካፖርት ስታይ አፏ ይለጎማል። ሐኪምን «እምቢ» ማለት ለእሷ ነውር ነው። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ፖስታ ቤት ሄጄ ወደ ሆስፒታሉ ለማስደወል ግማሽ ቀን ተገተርኩ፤ መስመር የለም። አለቃዬን የአምስት ቀን ፈቃድ ለመንኩት። ሰጠኝ፣ ይባረክ።

አዴ ማለት በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ለእኔም እንዲያ ነች። እናቴ ስትሞት አባቴ ሀዲድ ላይ የሚውል ሰው ነበርና ያሳደገችኝ የግድግዳ ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ናት። ረቡዕና ዓርብ ለእኔ ለብቻዬ የጾም ወጥ ትሠራልኝ ነበር። «ያባትሽ አምላክ እንዳይቀየመኝ» ትል ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል፤ አዋሽ

ሙቀቱ ጀመረ፤ ሹራቤን አውልቄ ተቀመጥኩበት። ጣቢያው ላይ የፍየል ጥብስ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም። እህል አልወርድልኝ አለ። አጠገቤ የተቀመጠች ወፍራም ነጋዴ እንቁላሌን ተቀብላ እየበላች፣ «ያ እህቴ፣ በሽተኛው አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ነገርኳት። «አላህ ያድርስሽ፤ ሰው እኮ በመርፌ አይሞትም» አለች። በጥፊ ላላት ትንሽ ቀረኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፤ ሚኤሶ

ቆመናል። ወታደር የጫነ ባቡር እስኪያልፍ ነው አሉ። ወርጄ ቲኬት ቆራጩን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንቆማለን?»

«እስኪያልፍ።»

«መቼ ያልፋል?»

«ሲያልፍ።»

ወይ ድሬ! ስንት ዓመት «በዓል ላይ እመጣለሁ፣ ክረምት ላይ እመጣለሁ» እያልኩ በደብዳቤ ስሸነግላት ኖሬ፣ አሁን በግንቦት ፀሐይ ሀዲድ ዳር ቆሜ አለቅሳለሁ። ጥፋቱ የባቡሩ አይደለም።

ሊመሽ ሲል፤ ድሬዳዋ

ከባቡሩ ስወርድ ያ የማውቀው ሙቀት ፊቴን ዳሰሰኝ። ጋሪ ያዝኩ። ባለ ጋሪው ፈረሱን በኦሮምኛ ይሰድባል፣ እኔን በአማርኛ ያጫውተኛል፣ መንገድ የዘጋበትን ሰው በሶማሊኛ ይጮህበታል። «አቦ፣ ከየት ነሽ?» አለኝ። «የዚሁ ነኝ» አልኩት። «የዚሁማ ብትሆኚ ሹራብ አትይዢም ነበር!» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ እንኳ ናፍቆኝ ነበር። የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ስንሻገር አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ከቀፊራ ገበያ በኩል የሳምቡሳ ሽታ ይመጣል። 

የሆስፒታሉ ዘበኛ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል አለኝ። ግማሹን ብርቱካን ሰጠሁትና አስገባኝ።

አዴ አልጋ ቁጥር አራት ላይ ናት። እንዲህ ትንሽ ነበረች እንዴ? ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ትርንጎ፣ ከሳሽ እኮ» አለችኝ። እኔ! እጇን ስሜ ወዲያው ወደ ነርሷ ሮጥኩ። ሲስተር ውባለም አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ፔኒሲሊኑ ነገ ጠዋት ሊጀመር ታዟል። ነገርኳት። ሐኪሙን አስጠራች፤ መድኃኒቱ ወደ እንክብል ተቀየረ። አልጋው ላይ በተሰቀለው ካርድ በቀይ ብዕር «ፔኒሲሊን እንዳይሰጥ» ብላ ጻፈችበት። ያን ቀይ ጽሑፍ ሳየው ከወገቤ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ። ደርሻለሁ፤ ከአሁን በኋላ ምን ይመጣል አልኩ።

ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፤ የሴቶች ክፍል

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ክፍሉ አሥራ ሁለት አልጋ አለው፤ ንፋስ የሚያገኘው ግን መስኮቱ ሥር ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ሌላው ይቀቀላል። ስለዚህ አስታማሚዎቹ በራሳቸው ያወጡት ደንብ አላቸው፤ የንፋስ ተራ ይሉታል። ከምሳ በኋላ ነርሶቹ ዞር ሲሉ አንድ በሽተኛ ተሸክመው መስኮቱ ሥር ያስተኛሉ፤ የቁጥር አንዷ ደግሞ የዚያችን አልጋ ትይዛለች። ቁጥር አንድ የወይዘሮ አስካለ ነው። እግራቸው ቆስሎ የተኙ ሴት ናቸው። ተራውን የሚያስከብሩት ባለቤታቸው ጋሽ ኃይሉ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የኪስ ሰዓታቸውን ይዘው ነው። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መርፌ ከመዞሩ በፊት፣ ሁሉም ወደየአልጋው ይመለሳል።

ትናንት የመጣሁት እኔ ዛሬ አዛዥ ሆንኩ። ተራው የሌላ ነበር። «ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቼ እናቴ እንዲህ ስትነድ ልይ?» ብዬ ተቀማሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አዴ እንቅልፍ ወሰዳት። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ሰላማዊ እንቅልፍ ነው። ጋሽ ኃይሉ ሰዓታቸውን አሳዩኝ።

«እባክዎ ጋሼ፣ ትንሽ ትተኛ።»

«ሕግ ሕግ ነው፣ ልጄ።»

«ለዛሬ ብቻ!»

ራሳቸውን እየነቀነቁ እሺ አሉኝ። እኔም ፓፓያ ልገዛላት ቀፊራ ወጣሁ። የልጅነት ገበያዬ ነውና አላስቸኮለኝም፤ እያንዳንዱ ጉልት ጋ ቆምኩ፣ ሰላም አልኩ፣ ተሳሳምኩ።

ስመለስ ክፍሉ በጩኸት ተሞልቷል። መርፌ ወጊው ድሬሰር ከድር መርፌውን እንደያዘ ቆሟል። ጋሽ ኃይሉ በአንድ እጃቸው ክንዱን ጨምድደው ይጮኻሉ፦ «ይህ የባለቤቴ መርፌ ነው! ሦስት ፋርማሲ ዞሬ ያገኘሁትን መድኃኒት ለሰው ትወጋብኛለህ?» እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተው ሲመለሱ ነው የደረሱበት። አዴ ልብሷ ተገልጦ፣ ጎኗ በአልኮል ተጠርጎ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። በመርፌው ያለው ፔኒሲሊን ነው። ከድር ያየው አልጋ ቁጥር አንድንና እሱ ላይ የተሰቀለውን ካርድ ነው። ቀዩ ጽሑፍ አራት ቁጥር ላይ፣ ወይዘሮ አስካለ ራስጌ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ፓፓያው ከእጄ ወደቀ። ሊገድላት የነበረው እንግዲህ ማን ነው? እኔ ነኛ! አምስት መቶ ኪሎ ሜትር መጥቼ ከመርፌው ያዳንኳትን መልሼ ተሸክሜ መርፌው ሥር አስተኛኋት። ደረቴን ደቃሁ።

ሲረጋጋ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ።

«አዴ፣ ድሬሰሩ «እማማ አስካለ፣ ዙሪ» ሲልሽ ለምን ዝም ብለሽ ዞርሽ? ስምሽ አይደለም እኮ!»

«ሐኪም መርፌ ይዞ ቆሞ ይጨቀጨቃል እንዴ?» አለች። ቆየችና ደግሞ፣ «እዚህ ያስተኛሽኝ አንቺ ነሽ። ትርንጎ ካለች ምን ይነካኛል ብዬ ነው» አለችኝ።

ወጥቼ በረንዳው ላይ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፤ በረንዳው

ሲስተር ውባለም አስታማሚዎችን ሁሉ ጠራች። በዚህ ዘመን ስብሰባ ከተባለ መጨረሻው ሂስና ግለ-ሂስ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ቀድሜ ተነስቼ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፦ «እኔ ጓድ ትርንጎ፣ በፈጸምኩት ከባድ ስህተት...»

«ተቀመጪ፤ ግለ-ሂስሽን ቀበሌሽ አድርጊው» አለች። «እኔ ሁልጊዜ ይህን ክፍል አላየውም፤ እናንተ ሌት ተቀን ታዩታላችሁ። እኔ የማላየውን ንገሩኝ።»

 ከድር ቀደመ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። «ቁጥር ነው የማየው። ሰው ከአልጋው ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም» አለ። ከዚያ የሁሉም አፍ ተከፈተ። የንፋስ ተራው ምስጢር ወጣ። አንዷ የእናቷን ክኒን ከጎረቤት ክኒን ጋር አንድ ሲኒ ውስጥ እንደምታስቀምጥ ተናገረች። ልጇን የምታስታምም ሶማሌ ወይዘሮ ተነሳችና፣ «ወላሂ፣ «ፋጡማ ነሽ?» ብትሉኝ አዎ እላለሁ፣ «አስካለ ነሽ?» ብትሉኝም አዎ እላለሁ። ሐኪም ነዋ! ስሜን አትንገሩኝ፤ እኔ ልንገራችሁ» አለች። ሁሉም ሳቀ። ሲስተር ግን አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

ጋሽ ኃይሉ መጨረሻ ላይ ተነሱ። «እኛ ባቡር ላይ የሚቀጥለው ጣቢያ በስልክ የነገረንን መልሰን ሳንናገር ባቡር አንለቅም ነበር። እሱ ይላል፣ እኔ እደግማለሁ፣ እሱ ልክ ነው ይላል። መርፌ ከባቡር ያንሳል?»

እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። ካርዱ በቁስል ማሰሪያ ጎዝ ታስሮ በሽተኛዋ አንገት ላይ ይውላል፤ የትም ብትተኛ አብሯት ይሄዳል። ድሬሰሩ ስም አይጠራም፤ ይጠይቃል። በሽተኛዋ ወይም አስታማሚዋ ስሟንና የማይስማማትን ትናገራለች፣ እሱ መልሶ ይላል፣ ከዚያ መርፌው ወይም እንክብሉ። የንፋስ ተራውስ? «ንፋስማ እንዴት እከለክላለሁ? እኔም እዚሁ ነው የምነደው» አለች ሲስተር።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

አዴ ተሽሏታል፤ ተቀምጣ ሾርባ ጠጣች። ከጣቢያው በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ሲያፏጭ ግን ጭንቅላቷን ከትራሱ ታነሳለች። ድምፁ እስኪጠፋ ታዳምጣለች። የሰዓዳን ስም አንጠራም፤ ሁለታችንም እንሰማታለን።

«አዴ፣ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ እንሂድ።»

«ሰዓዳ ብትመጣ በሩን ማን ይከፍትላታል?»

 እኔስ ማንን ደፍሬ እጠይቃለሁ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ስንት ዓመት ያልመጣሁት እኔ አይደለሁም?

ነገ ፈቃዴ ያልቃል። ወይዘሮ አስካለ እሁድ ይወጣሉ፤ እስከዚያ ጋሽ ኃይሉ ስለ አዴ እንደሚመልሱ ማሉልኝ። ከእሁድ በኋላስ? ጎረቤቶች ማታ ማታ ብቅ ይላሉ እንጂ ቀን አይቀመጡም። ሌላ አፍ የላትም፤ የራሷ ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ እንደ ሕፃን አስጠናት ጀመርኩ።

«ስምሽ ማነው?»

«አንቺ አታውቂውም?»

«አዴ፣ በናትሽ! እኔ ድሬሰሩ ነኝ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ተይኝ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ ከሐኪም ጋር አፍ ልካፈት?» አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ቃል አልሰጠችኝም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ባቡሬ ሊነሳ ጥቂት ነው የቀረው። ተሰነባበትን። እጇን ራሴ ላይ ጭና በኦሮምኛ መረቀችኝ፤ ሁሉንም ባልሰማውም አሜን አልኩ። ወጣሁ። እግሬ ግን ከበሩ አላለፈም፤ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ።

ከድር የመርፌና የእንክብል ትሪውን ይዞ ገባ። ጋሽ ኃይሉ ሊነሱ ሲሉ በእጄ ምልክት ለመንኳቸው፤ ገባቸውና ተቀመጡ። ድሬሰሩ አራት ቁጥር ጋ ቆመ።

«እናቴ፣ ስምሽ ማነው?»

 ጣቶቼን ነከስኩ። እጇ አንገቷ ላይ ያለውን ካርድ ዳበሰ። ዓይኗ ከድርን አየ፣ ትሪውን አየ፣ በሩን አየ።

«ሞሚና ነኝ» አለች።  «ፔኒሲሊን አይስማማኝም። በል፣ አንተም መልሰህ በል።»

«እናት ሞሚና፤ ፔኒሲሊን አይስማማትም።»

«ልክ ነው» አለች፤ ልክ እንደ ጋሽ ኃይሉ። «ደግሞ በር ላይ የቆመችዋን፣ እናትሽ አፍ አውጥታለች፣ ባቡሩ ሳያመልጥሽ ሂጂ በላት።»

ዘንቢሌን አንስቼ ሄድኩ። ዞር ብዬ አላየሁም፤ ዞር ብዬ አይቼ ቢሆን ኖሮ አሁንም እዚያው ነበርኩ።