ማለፉን እይልኝ

ሀብትነሽ መተማ ዮሐንስ መናኸሪያ ፊት ለፊት ኢንተርኔት ቤት ስትከፍት ደንበኞቿ የድረ ገጽ አድራሻ ይዘው የሚመጡ መስሏት ነበር። እነሱ ግን ጉዳያቸውን ብቻ ይዘው መጡ። አንዱ «አሜሪካ አስገቢኝ» ይላታል፤ ዲቪ ትከፍትለታለች። ሌላው «ሰሊጥ እንዴት አደረ?» ይላል፤ የገበያውን ዋጋ ታወጣለታለች። ዓመት ሳይሞላት፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚፈልገውን ገጽ መክፈት ለመደች፤ በዚህም ትንሽ ትኮራ ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን፣ ቤቱ በተማሪ ተጨናንቆ ሳለ ወይዘሮ አየሁሽ የሚባሉ ሴት ከኮኪት መጡ።

«ልጄ ማለፉን እይልኝ» አሏት።

ሀብትነሽ ወዲያው የውጤቱን ገጽ ከፈተች። «የመፈተኛ ቁጥሩን ይዘዋል?»

«የምን ቁጥር? በሱዳን በኩል ነው የሄደ። ባሕሩን ማለፉን ነው የምልሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነፍሱም አልፋ እንደሆነ አትደብቂኝ» አሉ።

ሀብትነሽ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ለአንድ ቃል የሚሆን ገጽ ስታጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ስሙ ማን ነው?»

«አንዱአምላክ። ጓደኞቹ አንዱ ሮማ ይሉታል።»

ፌስቡክ ላይ በቅጽል ስሙ ፈለገችው። ሱፍ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ወጣ። ከፎቶው በላይ «ጣልያን ገብተናል» ብሎ ጽፏል፤ የለጠፈው ትናንት ነው።

ወይዘሮ አየሁሽ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። «ከስቷል። ታዲያ አለፈ?»

ሀብትነሽ «አዎ» ልትል ቃጥቷት ነበር። ነገር ግን ከልጁ ጀርባ ያለውን የምግብ ቤት ሰሌዳ አየች፤ ድንበር ላይ ያደገች ናትና ዐረብኛውን አነበበችው።

«አላለፈም፣ እማማ። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው ያለው።»

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «አላለፈም። ተመስገን፣ አላለፈም» እያሉ አለቀሱ። ውጤቷን አይታ አጠገባቸው ስታለቅስ የነበረች ተማሪ የራሷን ትታ እሳቸውን ታይ ጀመር።

በማግስቱ ወይዘሮ አየሁሽ ድንበሩን ወደ ገላባት ተሻግረው በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገቡ። ልጃቸውን ምግብ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሳህን ሲያጥብ አገኙት። ሱፉ የአሠሪው ነበር።

አንዱአምላክ ዛሬ መተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ሀብትነሽን ሲያያት ፊቱን ያዞራል። ፎቶውን ግን ከፌስቡክ አላነሳውም። ከኮኪትም ከገለጉም «እንዴት አድርገህ ተሻገርክ?» እያሉ የሚጽፉለት ልጆች አሉ፤ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ባጃጁን ጥግ አስይዞ ይመልስላቸዋል።