አባቴን ከኮምፒውተሬ ያጠፉብኝ ጊዜ

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የጽሕፈት መኪናዬ ተነሥቶ ኮምፒውተር ሲሰጠኝ፣ ተከፍቶ የሚታየው አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ነበር። ሁሉም ሰው ኮረብታውን እንዳለ ተወው። እኔ ግን በምትኩ አባቴን አደረግኩ።

አባቴ ይጁቤ አጠገብ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። በዕድሜያቸው የተነሡት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው። እርጥበት ገብቶት ከመስተዋቱ ጋር መጣበቅ ሲጀምር ፎቶ ቤት ወስጄ በፍሎፒ አስቀዳሁት። ደግ አደረግኩ፤ ወንድሜ በኋላ ከመስተዋቱ አላቅቃለሁ ብሎ ፊታቸውን ገሸለጠው። ፍሎፒውም አልከፈት አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ሌላ ግልባጭ አለመያዜ የእኔ ጥፋት ነው፤ እሱን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ፋይሎቼን በሙሉ ወደ ቀኝ ዳር ሰበሰብኳቸው፣ አንዱም ፊታቸው ላይ እንዳያርፍ። ከፋይሎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ ነጭ አደረግኩት። አንድ ቀን ለጉዳይ ከቁይ የመጡ ቄስ ስክሪኑን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«የኔታ!» አሉ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ተማሪያቸው ኖረዋል።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንቺ» ይለኛል።

«ይኼ ሽማግሌ እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«አባቴ ናቸው።»

«የመንግሥት ንብረት እኮ የቤትሽ ግድግዳ አይደለም።»

በዚያው ሳምንት ሉማሜ ለቅሶ ሄጄ ሦስት ቀን ቀረሁ። ስመለስ በየቢሮው ያለው ኮምፒውተር ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ ለብሷል። የእኔም። ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

«ማሽኑን አጽዳው አሉኝ። የሥራ ፋይል ብቻ አስቀር ነው ያሉኝ፣ እቴዋ።»

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ኃላፊው ወደ ስክሪኑ ዞሮ ተቀምጧል። የእሱ ላይ ዓርማ የለም፤ ቀይ የውድድር መኪና ነው ያለው።

«የእርስዎስ?» አልኩት። ደሜ እየፈላ እንኳ «እርስዎ» ማለቴ ዛሬም ያናድደኛል።

«እኔ ኃላፊ ነኝ» አለ፤ ሳያፍር። ቀጥሎም «ሌላ ፎቶ አምጪና ቤትሽ ስቀዪው» አለኝ።

«ሌላ የላቸውም!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ባለጉዳይ ሁሉ ሰማ። እሱ ግን ስልኩን አነሣ።

ቴክኒሻኑ ሦስት ቀን ምሳውን እየተወ የጠፋውን ሲፈልግ ሰነበተ። ያገኘው ሲከፈት ጥምጣማቸውና ግንባራቸው ብቻ ነበር፤ ከቅንድባቸው በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ሆኗል። የአባቴን ዓይን አንድ ጀማሪ ሹም ዓርማ እንዲያምርለት ብሎ አጠፋው።

ቅሬታ ጽፌ ለበላይ አቀረብኩ። «የአሠራር ጉዳይ ነው» የሚል መልስ መጣልኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየው በዕድገት ባሕር ዳር ተዛወረ። ለሽኝቱ ትልቅ ካርድ ተገዝቶ ሁሉም መልካም ምኞቱን ጻፈበት። የእኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሳልፈርም መለስኩት።

«ምናለበት፣ ለወጉ ያህል?» አለችኝ የሒሳብ ሠራተኛዋ።

«አልፈርምም» አልኳት። ቢያመጡልኝ ዛሬም አልፈርምም።