ሙሉቀንና የሷሊሕ ውሻ

ሙሉቀን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀናተኛ ነበር እንጂ። ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ከሮቢ ወንዝ በሚጠለፈው ቦይ ግራና ቀኝ ሽንኩርት ከሚያለሙት ገበሬዎች መካከል እንደሱ ትጉህ የለም ቢባል ማንም አይከራከርም። ችግሩ የገዛ ማሳውን ሲኮተኩት እንኳ አንገቱ ወደ ጎረቤቱ ወደ ሷሊሕ ማሳ መዞሩ ነው። የሷሊሕ ሽንኩርት ቀድሞ ራስ ከያዘ ቆሽቱ ያርራል፤ የሷሊሕ የውሃ ፓምፕ ሳያስቸግር ከተነሳ የራሱን ፓምፕ በእርግጫ ይለዋል። ሚስቱ ፈለቀች ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ፣ አንተ እስካሁን በምን አጥንት ቆመህ ትሄዳለህ እያለች ትቀልድበታለች። ይስቃል፤ አይተውም።

ከሁሉም የባሰበት ግን የውሻው ነገር ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ጀውሃ ካለ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ከአንዲት ውሻ ከተወለዱ ቡችሎች አንድ አንድ ወስደዋል። መጀመሪያ የመረጠው ሙሉቀን ነው። ወንድሞቹን እየገፋ የሚጠባውን ደንዳናውን ብድግ አደረገና፣ ሷሊሕ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ “ይግረማቸው” ሲል ስም አወጣለት። ሷሊሕ የተረፈውን ኮሳሳ በካርቶን ይዞ ሄደ፤ መልኩን አይቶ ቡላ አለው፤ በቃ።

ይግረማቸውም በእርግጥ አስገረመ። ዝንጀሮ መጥቶ ማሳው ውስጥ ሲንጎራደድ ጥላ ሥር ተጋድሞ ያያል፤ የሰው ፍየል ወይም መንገደኛ ሲያይ ግን የሚይዘው የለም። ሙሉቀን ያልሞከረው ዘዴ አልነበረም። አባቱ ውሻ የሚቀጡት በዱላ ነበርና ከዱላ ጀመረ። ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ማታ ጎበዝ ጠባቂ ይሆናል ሲሉት ሰንሰለት ገዛ፤ ይግረማቸው ታስሮ በዋለ ቁጥር ሲፈታ የሚነክሰው ሰው ፍለጋ ይሄዳል። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሚጥሚጣ በሥጋ ጠቅልለህ አጉርሰው አለው፤ አጎረሰው፤ ምስኪኑ እንስሳ ቦዩ ዳር ተኝቶ ሲያለቅስ አደረ። በስልኩ ደግሞ በፊሽካ ውሻ የሚያዝ ፈረንጅ አየና ፊሽካ ገዛ። ፊሽካውን ሰምተው የመጡት የሰፈር ልጆች ብቻ ናቸው። አንዱንም ዘዴ ሳምንት አላቆየውም፤ በየመሃሉ ግን ዱላው አልቀረም።

ከቦዩ ማዶ ያለው ቡላ ሌላ ዓለም ነው። ሷሊሕ ሰጋጅ ነውና የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም፤ ስለዚህ ውሻውን ዳብሶት አያውቅም። መትቶትም አያውቅም። የቡላ ኑሮ ማሳው ዳር ካለው ግራር ሥር ነው። ሷሊሕ ምግቡን በጣሳ ይዞ ይመጣና “ና” ይለዋል፤ ቡላ ረግቶ ከመጣ ጣሳውን አስቀምጦ ወደኋላ ይላል። ከዘለለበት ወይም ከጮኸበት ደግሞ አንዲት ቃል ሳይናገር ጣሳውን ይዞ ይመለሳል፤ ውሻው ሲረጋ እንደገና ያመጣል። ከቡችልነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ የለም። ያ ኮሳሳ አድጎ ዝንጀሮ ያባርራል፣ የሰው ፍየል አይነካም፣ መንገደኛ ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶ ይተኛል። ሙሉቀን ይህን ባየ ቁጥር አንጀቱ እርር ይላል። እኔ አቅፌ ያሳደግኩት አዋረደኝ፣ እሱ ጫፉን ያልነካው ግን ያከብረዋል እያለ ሌሊቱን ይገላበጣል።

አንድ ቀን፣ ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ሲጀምር፣ ይግረማቸው ሰንሰለቱን በጥሶ ስንታየሁን ነከሳት። ስንታየሁ በየዓመቱ ለአረሙም ለነቀላውም ሴቶቹን ሰብስባ የምታመጣ ናት። ባቷን ይዟት ጤና ጣቢያ ሄዳ መርፌ ተወጋች። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አሳክማት ሲሉት ሙሉቀን ሳያንገራግር እሺ አለ፤ ቀጥለው ያሉት ግን ወገቡን ቆረጠው። እስከ ነቀላው ድረስ ውሻው ጠባዩን ካላሳመረ ይወገድ አሉ። ስንታየሁም ያ ውሻ እንደዚህ እያለ አንዲት ሴት አላመጣም አለች። ማንም አያምነውም እንጂ ሙሉቀን ይግረማቸውን ይወደዋል። ፈለቀች ሂድና ሷሊሕን ጠይቀው ብትለው፣ እሱ ፊት ቆሞ ከመለመን ሞት እንደሚሻለው ነግሯት ወጣ።

ከዚያም ቀናተኛ ብቻ የሚያስበውን አሰበ። ቡላም ከተበላሸ ጥፋቱ የሙሉቀን መሆኑ ይቀራል፤ ድሮም ዘራቸው ነው ይባላል፤ የሷሊሕም አንገት ይሰበራል። ቡላን በአጥንት አባብሎ ማሳውን ሊያስጥለው ሥጋ ቤት ሄዶ አጥንት ለመነ። ሷሊሕ ለስግደት መስጊድ የሚሄድበትን ሰዓት ጠብቆ ቦዩ ዳር ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ቀን ቡላ ቀና ብሎም አላየው። ቢጮህበት የሷሊሕ ቤተሰብ ይሰማል፣ ቢሮጥበት ውሻው ይሸሻል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ግድ ሆነበት። በማግስቱም በዚያው ሰዓት መጣ። አጥንቱን አስቀምጦ ወደኋላ አለ። ቡላ ጥቂት ቀረብ ብሎ ደነገጠና ተመለሰ፤ ሙሉቀን አልተናደደም፣ ነገም ቀን ነው አለ። በዕድሜው እንዲህ ታግሶ አያውቅም፤ ደግነት ያላስተማረውን ትዕግሥት ክፋት አስተማረው። ሰንብቶ ሰንብቶ ቡላ ቦዩን ዘሎ መጣና አገጩን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገ። ሙሉቀን ሰው ነክቶት የማያውቀውን ጆሮ ቀስ ብሎ አከከለት። ከጀርባው የታሰረው ይግረማቸው ሲያለቃቅስ ዞር ብሎ ዝም በል አለው።

እንዲህ ሲሆን ከርሞ አንድ ቀን ሷሊሕ ከመስጊድ ቀደም ብሎ ተመለሰና ደረሰበት። ሙሉቀን የሚሰደብ መስሎት ብድግ አለ። ሷሊሕ ግን ከቦዩ ማዶ ቆሞ ሁለቱን አየና ፊቱ ጥቁር አለ።

“ሙሌ፣ ምን አድርገህለት ነው?” አለ። “እኔ ስጠራው ይመጣል። እንዲህ ግን ተደግፎኝ አያውቅም። ወላሂ ቀናሁብህ።”

ሙሉቀን ዕድሜውን ሙሉ ይህን ቃል ከሷሊሕ አፍ ለመስማት ሲመኝ ኖሯል። ደረቱን ነፋ አድርጎ ያስረዳው ጀመር። አትጩህበት፣ አትቸኩልበት፣ በየቀኑ ሰዓትህን አክብር፣ ባይመጣም አትቆጣው፣ እጅህን አታንሳበት እያለ ሲዘረዝር፣ የገዛ ድምፁ ጆሮው ውስጥ ገባና እየቀነሰ ሄደ። ሷሊሕ ያለ ምንም ተንኮል፣ ትምህርት እንደሚቀበል ሰው ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ይግረማቸውን በአገጩ አመለከተ።

“ያንንም እንዲህ ነው የምታደርገው?”

ሙሉቀን አጥንቱን አንስቶ ወደ ይግረማቸው ሄደ። ገና እጁን ሲዘረጋ ያ ደንዳና ውሻ በሆዱ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ዱላውን ጠበቀ። ሙሉቀን ይህን አኳኋን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ አክብሮት ነበር የሚለው። አሁን ፍርሃት መሆኑ ገባው፤ አፈረ፤ እንባውም መጣ። ሷሊሕ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያው ዕለት ዱላውን ሰባብሮ ለፈለቀች ማገዶ አደረገላት። ለቡላ ያዋለውን ትዕግሥት ሁሉ ወደ ይግረማቸው አዞረ፤ ማስቀመጥ፣ ወደኋላ ማለት፣ ነገ ደግሞ መምጣት። ይግረማቸው እንደ ቡላ ቶሎ አልተቀበለውም። አንዳንድ ቀን ሙሉቀን እስኪርቅ ድረስ አጥንቱን አያሸተውም ነበር። ነቀላው ሲደርስ ስንታየሁ መጀመሪያ ብቻዋን መጣች። ውሻው ሲያያት አጉረምርሞ ተነሳ፤ ሙሉቀን በቀስታ “ና” አለው፤ መጣ። ስንታየሁ እንደ ቆመች ብዙ አየችው፤ ከዚያ ሴቶቹን ጠራቻቸው። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ተዉት።

ይግረማቸው ተረፈ። ሙሉቀን ግን አሁንም ይቀናል፤ በሷሊሕ ግን አይደለም። ቀትር ላይ ቦዩ ዳር ሲያርፍ ቡላ ከማዶ ዘሎ ይመጣል፤ ሲመጣ የሙሉቀንን ፊት እያየ፣ ጅራቱን እየወዘወዘ ነው። ይግረማቸውም ሲጠሩት ይመጣል፤ እሱ ግን ቆም ብሎ መጀመሪያ የሚያየው የሙሉቀንን እጅ ነው፤ ምንም አለመያዙን ካረጋገጠ በኋላ ነው የሚቀርበው። ቡላ የሚያውቀው ሙሉቀን ውሻ መትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሙሉቀን የሚቀናው በዚያ ሰው ነው።